ይቅርታና ካሣ፤ መድን በሌለው መኪና ስለ ተጎዳ ሰው

ክርስቲያን የበደለውን ሰው ይቅር ይል ዘንድ ታዝዟል። በሌላ ወገን ደግሞ ገንዘቡ የጠፋበት፣ አካሉ የጎደለበት፣ ወይም የቤቱ ምሰሶ የሆነ ሰው የሞተበት ሁሉ ጉዳቱ እንዲካስለት መጠየቁ በማናቸውም ሕግ ዘንድ የታወቀ መብቱ ነው። እንግዲህ እነዚህ ሁለቱ፣ ይቅር ማለትና ካሣ መጠየቅ፣ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ሊያድሩ ይችላሉን? ወይስ ይቅር ያለ ሰው ካሣውን ትቷል፤ ካሣ የጠየቀም ሰው ይቅርታን ነሥቷል ይባላልን? ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ነገር ግን በዘመናችን በየአጥቢያው አብዝቶ የሚነሣው በመኪና አደጋ ምክንያት ነው፤ ይልቁንም ጉዳቱን ያደረሰው መኪና መድን፣ በተለምዶ ኢንሹራንስ የሚባለው፣ ሳይኖረው የተገኘ እንደ ሆነ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እናስቀምጠው። አንድ ሰው ቀን በጉልበት ሥራ ውሎ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ያሳድራል እንበል። ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ በመንገድ ዳር ባጃጅ ገጭቶት ይሞታል። የባጃጁ ነጂ ለባለንብረቱ በየቀኑ ይህን ያህል ብር አስገባለሁ ብሎ የሚሠራ ወጣት ነው፤ ባለንብረቱ ሌላ ሰው ነው፤ የሦስተኛ ወገን መድኑ ካለቀ ወራት አልፎታል። ገና ሠልስቱ ሳይወጣ ከነጂውና ከባለንብረቱ ዘንድ ሽማግሎች ይላካሉ። ሽማግሎቹ ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ ከልቅሶው ቤት ገብተው በእንባ ይለምናሉ፤ ለቀብሩና ለተዝካሩ የሚሆን ጥቂት ብር ያስቀምጣሉ፤ ከዚያም አንዱ ከኪሱ ወረቀት ያወጣል። በወረቀቱ ላይ የሟች ቤተ ሰብ ነገሩን በእርቅ ስለ ጨረሱ ከእንግዲህ ወዲህ ምንም ዓይነት የካሣ ጥያቄ እንደሌላቸው ተጽፏል። ሴቲቱ ጣቷን ቀለም አስነክታ ታትማለች። በመካከላቸው ካህን ቢኖር መስቀሉን ያሳልማቸዋል፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባብለው ይለያያሉ። ሁሉም መልካም ሥራ እንደ ሠራ ሆኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ክረምቱ ሲገባ ግን የቤቱ ኪራይ የሚከፈልበት የለም፤ ትልቁም ልጅ ትምህርቱን ትቶ ጫማ ለመጥረግ ወጥቷል።

እንዲህ ስንል እርቅን ማቃለላችን አይደለም። ሽማግሌ በመካከል ገብቶ ደም ባያደርቅ ኖሮ በአገራችን ስንቱ ቤት በቂም በጠፋ ነበር! ነጂውም ቢሆን ሰው ለመግደል አስቦ አልወጣም፤ ሌሊቱን ሁሉ ሲያለቅስ የሚያድር ሊሆን ይችላል፤ እርሱንም የሚያጽናናው ያስፈልገዋል። የምንመረምረው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ሴቲቱ በዚያች ሰዓት ይቅር ያለችው ምንን ነው? የሚል ነው።

በነገሩ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተቀላቅለው ነበር። የመጀመሪያው ቂም ነው። ይህ የራሷ ነው፤ ከልቧ አውጥታ ብትጥለው ትባረክበታለች፤ የጌታም ትእዛዝ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ሁለተኛው ቅጣት ነው። በቸልተኛነት ሰው መግደል በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 የሚያስቀጣ ስለ ሆነ፣ ይህ ጉዳይ የመንግሥትና የዳኛ እንጂ የእርሷ አይደለም። ሦስተኛው የልጆቿ እንጀራ ነው። እርሱ ደግሞ የእርሷ ብቻ ስላይደለ በአንዲት ጣት አሻራ የሚሰጥ አልነበረም። ሰው የራሱን ሊተው ይችላል፤ የሌላውን ግን ትቼልሃለሁ ማለት አይችልም። አንድ ሰው የጎረቤቱን ላም ለሌባ ቢመርቅለት ማን ቸር ይለዋል?

የአገሩም ሕግ ይህንኑ ይመሰክራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2095 ሰው በአደጋ የሞተ እንደ ሆነ የሟቹ ሚስት ወይም ባል፣ ወላጆቹና ልጆቹ ስለ ቀረባቸው መተዳደሪያ በየራሳቸው ስም ካሣ መጠየቅ እንደሚችሉ ደንግጓል። ልጁ የሚጠይቀው በእናቱ ተጠግቶ አይደለም፤ የአባቱን ጉልበት ያጣ እርሱ ራሱ ነውና በራሱ ስም ነው። እንግዲህ እናቲቱ በልቅሶ ደንዝዛ ሳለች ሦስቱን ሕፃናት ከመብታቸው የሚያስወጣ ወረቀት ማስፈረም ማስታረቅ ሳይሆን የሙት ልጅን ርስት ማስቀረት ነው። በነቢያቱ መጻሕፍት የሙት ልጅንና የመበለትን ነገር ስላጣመሙ ሰዎች የተነገረውን ተግሣጽ ማንበብ የሚፈልግ ኢሳይያስን በመጀመሪያው ምዕራፍ ይመልከት።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። ካሣ የሚለውን ቃል ቤተ ክርስቲያናችን ከገበያና ከፍርድ አደባባይ ብቻ የምታውቀው አይደለም፤ በነገረ ሥጋዌ ትምህርት ውስጥ ከሚነገሩት ቃላት አንዱ ነው። መምህራን አዳም ከወደቀ በኋላ ስለ ሆነው ነገር ሲያስተምሩ እግዚአብሔር በቃሉ ብቻ ይቅር ብዬሃለሁ ማለት የሚቻለው አምላክ ሳለ በደሉ ያለ ካሣ እንዲቀር እንዳልወደደ፣ ከዚህም የተነሣ ሰው ሆኖ ስለ አዳም ራሱ ካሣ እንደ ከፈለ ይናገራሉ። በመስቀሉ ላይ ምሕረት ፍርድን አላባረረችም፤ ፍርድም ምሕረትን አልከለከለም፤ ሁለቱ ተገናኙ። እንግዲህ ይቅርታ ካለ ካሣ ቀርቷል የሚል ሰው ይቅርታን ከየት እንደ ተማረው እንጠይቀዋለን፤ ከቀራንዮ ካልሆነ ከየትም አልተማረውምና።

ስለ ካሣ ለመስማት የሚወድ ሰው የቀራጮችን አለቃ ዘኬዎስን ያስብ። ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ዘኬዎስ ያለ አግባብ የወሰድሁበት ሰው ቢኖር አራት እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ ብሎ ቆመ፤ ለዚያ ቤት መዳን እንደ ሆነለት የተነገረውም ከዚህ ቃሉ በኋላ ነው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 ደግሞ በባልንጀራው ላይ የበደለ ሰው ኃጢአቱን ይናዘዛል፤ የበደለውንም በሙሉ መልሶ አምስተኛ እጅ ይጨምርበታል ተብሎ ታዟል። መናዘዙና መመለሱ በአንድ ትእዛዝ ተያይዘው መነገራቸውን ልብ ይሏል። አባቶቻችንም ይህን አውቀው የሚፈርዱበትን ፍትሐ ነገሥትን በአንድ ጥራዝ አኖሩት፤ ከ51ዱ አንቀጾች 22ቱ ስለ መንፈሳዊ ሥርዓት፣ 29ኙ ስለ ሥጋዊ ነገር የሚናገሩ ሲሆኑ መጽሐፉን ለሁለት አልቀደዱትም።

በአገራችን የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከመግባቱ አስቀድሞ ሕዝባችን የሚያውቀው ጉዳት በሬ የወጋው፣ በቅሎ የረገጠው፣ ጉድጓድ የገባ የመሳሰለው ነበር። ነገር ግን በዚያ ውስጥ የመኪናው ሕግ ሁሉ ተሰውሮ ይገኛል። በዘጸአት ምዕራፍ 21 ሰው ስለ ገደለ በሬ ሲነገር ሁለት ዓይነት ባለቤት ተለይቶ ታይቷል። የአንዱ በሬ ከዚያ በፊት ተዋግቶ አያውቅም፤ የሌላው ግን ተዋጊ መሆኑ ታውቆ ባለቤቱ ጠብቀው ተብሎ ሳለ ሳይጠብቀው ቀርቷል። የሁለተኛው ፍርድ እጅግ የከበደ ነው። በሬው ያው በሬ፣ ሟቹም ያው ሟች ሲሆን ፍርዱን የለየው ባለቤቱ ከአደጋው በፊት ያደረገው ወይም ያላደረገው ነገር ነው። በዚያው ምዕራፍ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድነው ስለ ተወ ሰው፣ በዘዳግም ምዕራፍ 22 ደግሞ ሰው እንዳይወድቅበት በሰገነቱ ዙሪያ መከታ ያላደረገ ባለቤት የደም ዕዳ እንደሚያመጣ ተነግሯል። መከታ ሳያበጅ ማንም ሳይወድቅበት ዘመኑን የፈጸመ ሰው ዕድል ገጥሞታል እንጂ ሕጉን አልጠበቀም።

የፍትሐ ብሔሩም ሕግ በዚሁ መንገድ ሄዷል። በአንቀጽ 2071 እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ መሆኑን ከተናገረ በኋላ በአንቀጽ 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለንብረቱ ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ አያመልጥም፤ የሚያመልጠው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደ ነበር ያስረዳ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ በምሳሌያችን ያለው የባጃጅ ባለንብረት «እኔ በቤቴ ተኝቼ ነበር፤ የገጨው ልጁ ነው» ብሎ እጁን ሊታጠብ አይችልም። ጥቅሙ በየማታው ወደ ኪሱ ሲገባ የነበረ ሰው ጉዳቱ በመጣ ጊዜ አላውቀውም ማለቱ እንግዳ ነገር ነው።

ያለ መድን የሚነዳና የሚያስነዳ ሰው ኃጢአት የሚጀምረው መቼ ነው? ብዙ ሰዎች አደጋ ያደረሰ ዕለት ነው ብለው ያስባሉ። እኛ ግን ከዚያ በፊት ነው እንላለን። መድን መግባት በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ግዴታ ሆነ፤ በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799ም ግዴታውን አጸናው። የዚህ ግዴታ ትርጉም ባለመኪናው መኪናውን እንዲጠብቅበት አይደለም። ሦስተኛ ወገን የተባለው ማን ነው? በመንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጠው ሴት ናት፤ ደብተሩን ይዞ መንገድ የሚሻገረው ተማሪ ነው፤ ከቅዳሴ የሚመለሰው ሽማግሌ ነው። መድኑ የተገዛው ለእነርሱ ነው። እንግዲህ ባለመኪናው ያንን ክፍያ ለራሱ ቢያስቀር የቆጠበው ከራሱ ገንዘብ ሳይሆን ከእነዚህ ሰዎች ዋስትና ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ ማንንም ሳይነካ ቢወጣ እንኳ በየመንገዱ ያገኘውን ሰው ሁሉ ሳይጠይቀውና ሳያስታውቀው ባዶ ዋስ አቁሞለት ሲያልፍ ከርሟል።

በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጥ እንሰማለን። አንዱ «ቀኑ ደርሶ ነው፤ የእግዜር ነገር ነው» የሚል ነው። ሞትና ሕይወት በእግዚአብሔር እጅ መሆናቸውን እኛም እናምናለን፤ ይሁን እንጂ የሟቹ ቀን ደርሶ ነበር ማለት የነጂው ፍሬን ደኅና ነበር፣ መድኑም ተከፍሎ ነበር ማለት አይደለም። ይህን ቃል ለማጽናናት ለቅሶ ደራሹ ቢናገረው መልካም ነው፤ ገጪው ከተናገረው ግን ዕዳውን ወደ ፈጣሪው ማዞሩ ነው። ሁለተኛው «እኔ የምታመነው በእግዚአብሔር እንጂ በኢንሹራንስ አይደለም» የሚል ነው። ብዙ መኪኖች በመስተዋታቸው ላይ የቅዱሳን መላእክትን ሥዕል ለጥፈው እናያለን፤ ደስም ይለናል። የመድኑ ምልክት ከቅዱስ ገብርኤል ሥዕል አጠገብ ቢለጠፍ መልአኩ የሚቀየም ግን አይመስለንም። ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር፤ መላእክት ያነሡሃልና ብሎ የመከረው ማን እንደ ሆነ፣ ጌታችንም ምን ብሎ እንደ መለሰለት የታወቀ ነው። በዚያ ላይ ይህ ሰው የሚወረውረው ራሱን እንኳ ሳይሆን ባልንጀራውን ነው።

መድን መሆን በመጽሐፍ የታወቀ የፍቅር ሥራ ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ከጌታው ኰብልሎ የነበረውን አናሲሞስን ወደ ፊልሞና መልሶ በላከው ጊዜ ስለ ወንድማማችነታቸው ብዙ ከተናገረ በኋላ አንድ የሒሳብ ነገር ጨመረበት፤ የበደለህ ወይም የምትፈልግበት ዕዳ ቢኖር በእኔ ላይ ቍጠረው፤ እኔ እከፍላለሁ የሚል ነው፤ ይህንንም በገዛ እጁ እንደ ጻፈው አስታወቀ። ሐዋርያው አናሲሞስን ይቅር በለው ብሎ ብቻ ሊያሰናብተው በቻለ ነበር። ነገር ግን ይቅርታ ጠያቂው እርሱ ስለ ሆነ ኪሣራውም በፊልሞና ላይ እንዳይወድቅ ዋስ ሆነ። እርቅ ይዘው የሚሄዱ ሽማግሎች ሁሉ ይህችን አጭር መልእክት በመንገድ ቢያነቧት ምንኛ መልካም ነው! ሌላውን ይቅር በል ማለት ቀላል ነው፤ በእኔ ላይ ቍጠረው ማለት ግን ይከብዳል።

«ታዲያ ያው ሐዋርያ ለቆሮንቶስ ሰዎች ወንድም ወንድሙን ወደ ፍርድ ከሚወስድ ቢበደል ይሻላል ብሎ የለምን?» የሚል አይጠፋም። ብሏል። ነገር ግን ይህን ያለው ለተበዳዩ ሆኖ ስለ ራሱ መብት ነው፤ ለበዳዩማ በዚያው ስፍራ ቀጥሎ ወንድሞቻችሁን ትበድላላችሁ፣ ታታልሉማላችሁ ብሎ ገሥጾታል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ለመበለቲቱ አንብበንላት ሁለተኛውን ለባለመኪናው ሳናነብለት እንቀራለን። ደግሞም ሐዋርያው ራሱ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ በታሰረ ጊዜ በስውር ሊሰዱት ቢሹ እንቢ ብሎ ሹማምንቱ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት አድርጓል፤ በቂሣርያም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። ጌታችንም ስለ ጸሎት ባስተማረ ጊዜ ለምሳሌ ያቀረበልን ከዳኛው ደጅ ሳትታክት ፍረድልኝ እያለች የምትመላለስ መበለትን ነው። ፍርድ መጠየቅ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ይህችን ሴት የጸሎት መምህር አድርጎ ባላቆማት ነበር።

በዚህም የተጎዳው ወገን የሚጠነቀቅበት ነገር አለ፤ በአጭሩ እንናገረዋለን። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በአንቀጽ 2091 ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ብሏል። ያልታመመውን ታመምሁ ማለት፣ ያልወጣውን ወጪ ቍጠሩልኝ ማለት፣ የሐሰት ደረሰኝ ማቅረብ ሌላ ሌብነት ነው፤ ጉዳት ደርሶብኛል ማለት ለሐሰት ፈቃድ አይሆንም። የኀዘን ካሣ የተባለውንማ ሕግ አውጪው ራሱ ሊመዝነው አልቻለም፤ በአንቀጽ 2116 ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖ አለፈው። ኀዘንን በብር መመዘን የማይቻል መሆኑን እኛም እናምናለን። የሙት ልጅ የትምህርት ቤት ወጪ ግን ይመዘናል።

ጉዳት ያደረሰው መኪና መድን የሌለው ሲሆን፣ ወይም ገጭቶ አምልጦ የማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ሲቀር ተጎጂው ወዴት ይሂድ? በዚህ ነገር የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ብዙ ያስተምረናል። መምህራን ሳምራዊው ጌታችን፣ የእንግዶች ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ ናቸው ብለው ይተረጕማሉ። ይህ ምሥጢሩ ነው፤ ዛሬ ግን በንባቡ ላይ ጥቂት እንቆይ። ሰውየውን የደበደቡት ወንበዴዎች በታሪኩ ውስጥ አልተያዙም፤ ማንም አላገኛቸውም፤ ካሣም አልከፈሉም። ቢሆንም ቍስለኛው ወንበዴዎቹ እስኪያዙ ድረስ በመንገድ ላይ ይቆይ አልተባለም። ሳምራዊው በዘይትና በወይን ቍስሉን ጠግኖ፣ በራሱ እንስሳ ጭኖ ወሰደው፤ ለማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር፣ ማለት የሁለት ቀን የሠራተኛ ደመወዝ፣ ከፈለለት፤ ከዚህ በላይ የምታወጣውን ስመለስ እከፍልሃለሁ ብሎም ዋስ ሆነለት።

ከላይ የጠራነው የ2000 ዓ.ም. አዋጅ የመድን ፈንድ የሚባለውን ያቋቋመው እንዲህ ላለው ቍስለኛ ነው። መድን በሌለው ወይም ባልታወቀ መኪና ሰው ሲሞት ወይም አካሉ ሲጎዳ ፈንዱ በሕጉ በተወሰነው መጠን ይከፍላል፤ ከዚያም የከፈለውን ከባለመኪናው መልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ መድን የሌለው ሰው መንግሥት ከፍሎልኛል ብሎ ከዕዳው የሚወጣ አይደለም። አዋጁ ሲወጣ ለሞትና ለአካል ጉዳት ወሰኑ እስከ 40000 ብር ነበር፤ ይህ መጠን ሊሻሻል የሚችል በመሆኑ በሥራ ላይ ያለውን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጠይቆ መረዳት ይገባል። ከወሰኑ የሚያልፈውን ጉዳት ተጎጂው በፍትሐ ብሔሩ ሕግ መሠረት ከባለንብረቱና ከአጥፊው ነጂ መጠየቅ ይችላል። የጤና ተቋማትም በመኪና ለተጎዳ ሰው የድንገተኛ ሕክምና እንዲሰጡ ታዝዘዋል። ብዙ ድኆች ይህ ነገር መኖሩን ስለማያውቁ መኪናው መድን የለውም ሲባሉ የሚሄዱበት የጠፋ መስሏቸው ዝም ይላሉ፤ ከዚህም የተነሣ በሽማግሌ የቀረበላቸውን ያንኑ ጥቂት ብር ከሰማይ እንደ ወረደ መና ይቀበሉታል።

ስለዚህ በአጥቢያ ያለ ካህን፣ የዕድር ዳኛ፣ ወይም ፊደል የቈጠረ ጎረቤት ለተጎዳው ቤተ ሰብ ሊነግረው የሚገባው እንዲህ ነው። አደጋው ለትራፊክ ፖሊስ ሳይነገር አይቅር፤ ፖሊሱ የሚያነሣው ፕላንና የሚጽፈው ሪፖርት ለኋላው ነገር ሁሉ መሠረት ነውና። የታርጋው ቍጥር ይያዝ፤ ሊብሬው በማን ስም እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ በስም የሚገኘው ባለንብረት ከነጂው ሌላ መሆኑ የተለመደ ነው። የሐኪም ማስረጃና የመድኃኒት ደረሰኝ አንዱም አይጣል። ሟች ምን ይሠራ እንደ ነበረና ማንን ይረዳ እንደ ነበረ የሚመሰክሩ ሰዎች ይታወቁ። ክስ የሚቀርበው በፍትሐ ብሔሩ ሕግ አንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ እስከ 2 ዓመት ነው፤ አድራጎቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ሕግ ረዘም ያለ ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ በዚያው ይታሰባል። አንዳንዶች ኀዘኑ ይብረድልን፣ ሙት ዓመቱ ይውጣልን እያሉ ሲያቈዩት ጊዜው ያልፍባቸዋል። እርቁም ይደረግ፤ ነገር ግን በእርቁ ወረቀት ላይ ምን እንደሚጻፍ ሳያነቡ፣ የሚያነብላቸውም ሳያገኙ አይፈርሙ። ካሣውን አስመልክቶ የሚጻፍ ስምምነት ካለ ሠልስትና ሰባት አልፎ፣ ልብ ተመልሶ፣ የልጆቹ ድርሻ በስማቸው ተለይቶ ይጻፍ።

ይቅርታውም ከዚህ ሁሉ በፊት ሊሆን ይችላል፤ ካሣው እስኪከፈል የሚጠብቅ አይደለም። ሴቲቱ በቀብሩ ዕለት ነጂውን ይቅር ብላው፣ በወሩ በፍርድ ቤት ፊት ከባለንብረቱ ጋር ብትቆም ይቅርታዋን አላፈረሰችም። ቂም የሌለው ክስ አለ። ደግሞም ክስ የሌለው ቂም አለ፤ እርሱም ወረቀት ከፈረሙ በኋላ ልጆቿ በተራቡ ቍጥር በልቧ የሚነድደው ነው። የኋለኛውን እርቅ ብለን ስንጠራው እንኖራለን።

የቀረን አንድ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ገጪው ራሱ ድኃ ቢሆንስ? የዕለት ገቢውን ተቆጥሮ የሚነዳው ወጣት ከዕለት ጉርሱ በቀር ምንም የለው እንበል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንቆ ይዞ ወደ ወህኒ የጣለው ባሪያ የተፈረደበት ገንዘቡን ስለ ጠየቀ ብቻ ሳይሆን፣ ራሱ ብዙ ተትቶለት ሳለ ታገሠኝ ያለውን ስላልታገሠው ነው። ስለዚህ ተጎጂው ድኃውን ነጂ ጊዜ ሊሰጠው፣ ከቻለም ከራሱ ድርሻ ሊተውለት ይገባል። የንስሐ አባቱ ግን ከዚህ የተለየ ሥራ አለበት። ወጣቱ ሊናዘዝ በመጣ ጊዜ ጾምና ስግደት ብቻ ሰጥቶ ቢያሰናብተው ቀኖናው ጎዶሎ ነው። ስግደቱ ለነፍሱ ይጠቅመዋል፤ ለሟች ልጆች ግን ደብተር አይገዛላቸውም። በሳምንት የአንድ ቀን ገቢውን፣ ያም ቢከብደው የእኩሌታውን ወደዚያ ቤት እንዲወስድ፣ ታናሹ ልጅ ራሱን እስኪችል ድረስ እንዳያቋርጥ ቢያዝዘው ይሻላል። በእጁ ባይሰጥ እንኳ በካህኑ በኩል ይስጥ፤ ዓይን ለዓይን መተያየቱ ለሁለቱም ይከብድ ይሆናልና።

ባለንብረቱን በተመለከተ ነገሩ ሌላ ነው። አንዳንድ ጊዜ ሰው ከአደጋ ከተረፈ፣ ወይም ከእስራት በዋስ ከወጣ በኋላ ስእለቱን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል፤ ጥላ፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃ ያገባል፤ ስሙ በዐውደ ምሕረት ይጠራለታል፤ ሕዝቡም እልል ይላል። የሟቹ ሚስትም በዚያው ጉባኤ መካከል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማ ትሰማለች። ጌታችን በተራራው ስብከቱ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፤ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ያለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። የደብሩ አስተዳዳሪ ይህን ያወቀ እንደ ሆነ ጥላውን ተቀብሎ ከማስመዝገቡ በፊት ሰውየውን ለብቻው ጠርቶ ለዚያች ቤት ምን እንደ ከፈለ ይጠይቀው። ምንም አልከፈለ እንደ ሆነ ጥላውን ሸጦ ዋጋውን ለልጆቹ ያድርስ፤ ደረሰኝም ካስፈለገው እናቲቱ ትፈርምለታለች።